ተፈጥሮን መሠረት ላደረገ የአየር ንብረት ፕሮጀክት የትኛውን መመሪያ እንከተል?

ጥያቄ፦ «በአንድ አነስተኛ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት ዝግጅት ክፍልን እመራለሁ። የምንሠራበት ተፋሰስ በዝናብ ወቅት ጎርፍ፣ በደረቁ ወቅት የውሃ እጥረት የሚፈራረቁበት ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የሚያግዝ፣ ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ ፕሮጀክት እንድናቅድ ተጠይቀን ከ40 በላይ ሰነዶች ሰብስበናል፤ ይሁንና ባነበብን ቁጥር ግራ እየገባን ነው። በመጀመሪያው ዓመት 100,000 ችግኝ ለመትከል አስበናል። ከመነሻ እስከ መጨረሻ የምንከተለውን አንድ የተሟላ መመሪያና የገንዘብ ምንጭ ቢጠቁሙን?»

ምላሽ፦ ከመነሻ እስከ መጨረሻ የሚያደርስ አንድ መመሪያ የለም። ይህ የሰነድ እጥረት አይደለም። አንድ ዳገት ላይ የሠራ ዘዴ አፈሩ፣ ቁልቁለቱና የመሬቱ ባለመብት በተለወጡበት ሌላ ዳገት ላይ ላይሠራ ስለሚችል፣ ሁሉን የሚያጠቃልል መመሪያ የሚጽፍ ሰው አጠቃላይ ምክር ከመስጠት አያልፍም። ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ የችግኙ ቁጥር ተወስኗል፣ ጎርፉ ከየት እንደሚነሳና ማንን እንደሚጎዳ ግን አልተጻፈም። መፍትሔው ከችግሩ በፊት ሲወሰን ማንኛውም መመሪያ የተወሰነውን ለማስዋብ ብቻ ያገለግላል።

ግራ ያጋባችሁ የሰነዱ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱን ሳትለዩ ማንበባችሁ ይመስለኛል። በዚህ ዘርፍ የሚወጣው ጽሑፍ በየፊናው የተለያየ ጥያቄ ይመልሳል። አንዳንዱ «ይህ ሥራ በእርግጥ ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ ሊባል ይችላል ወይ?» የሚለውን የሚፈትሽ መስፈርት ነው። ሌላው ስጋትን ለመረዳት የሚያግዝ ዘዴና መረጃ ነው። ሦስተኛው በመስክ ላይ የሚሠሩ ቴክኒኮችን ከነወጪያቸው የሚዘረዝር ማውጫ ሲሆን፣ አራተኛው ውጤት እንዴት እንደሚለካ ያስተምራል። ከእነዚህ ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው ግን አምስተኛው፣ ዘርፉ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚገባው ለማሳመን የተጻፈው ሪፖርት ነው። ከሰበሰባችኋቸው 40 ሰነዶች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ቢሆኑ አይገርመኝም። ለመግቢያ አንቀጽ ይጠቅሙ ይሆናል፤ ለዕቅድ ግን ወደ ጎን ያስቀምጧቸው።

በቅድሚያ ትርጉሙን እናጥራ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ ባጸደቀው ውሳኔ መሠረት፣ ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ መፍትሔ የሚባለው ሥነ ምህዳሮችን የመጠበቅ፣ መልሶ እንዲያገግሙ የማድረግ፣ በዘላቂነት የመጠቀምና የማስተዳደር ተግባር ሆኖ፣ ማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊና አካባቢያዊ ችግሮችን የሚፈታ፣ በዚያውም ለሰው ደኅንነትና ለብዝኃ ሕይወት ጥቅም የሚያስገኝ ሥራ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ዛፍ መትከል ግዴታ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም መፍትሔው ዛፍ መቁረጥ ነው። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን የውሃ ፈንድ ዋና ሥራ ወደ ግድቦቹ የሚፈስሰውን ውሃ የሚመጥጡትን መጤ የጥድና የግራር ዝርያዎች ከተራራው ላይ ማስወገድ ነው፤ የአካባቢው ነባር ዕፅዋት አጫጭር ቁጥቋጦዎች በመሆናቸው የሚጠቀሙት ውሃ ከመጤዎቹ ያነሰ ነው። በኔዘርላንድ «ለወንዙ ቦታ» የተባለው መርሐ ግብር ከ30 በሚበልጡ ቦታዎች የጎርፍ መከላከያ ክምሮችን ወደ ኋላ በመመለስና የወንዙን ዳርቻ ዝቅ በማድረግ ውሃው እንዲንጣለል አድርጓል። በተቃራኒው በቻይና የሎዌስ አምባ ላይ በሰፊው የተካሄደው የዕፅዋት ማልማት ሥራ መሸርሸርን በእጅጉ ቢቀንስም፣ የክልሉ የውሃ ሀብት ሊሸከመው ወደሚችለው ጣሪያ እየተጠጋ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አሳይተዋል። በደረቁ ወቅት ውሃ የሚያጥረው ተፋሰስ ይዞ ለሚያቅድ ሰው ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ከመስፈርቶቹ ውስጥ አንዱን ብቻ ያንብቡ ብባል የምመርጠው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (አይዩሲኤን) እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው። በዚያ እትሙ 8 መስፈርቶችና 28 አመልካቾች አሉት፤ ከእነርሱ ጋር በነፃ የሚገኝ የራስ መገምገሚያ ሰንጠረዥ ቀርቧል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሰንጠረዡን ፕሮጀክቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለማጽደቂያ ሲሞሉት ነው። መሞላት ያለበት ገና በባዶ ወረቀት ጊዜ ነው፤ መልስ የሌላቸው ረድፎች ምን ማጥናት እንደሚቀራችሁ ይነግሯችኋል። ከመስፈርቶቹ በአንዱ እንኳ «በቂ አይደለም» የሚል ውጤት ያገኘ ሥራ ከስታንዳርዱ ጋር ይስማማል አይባልም፤ ስለዚህ በብዝኃ ሕይወት ያገኙትን ከፍተኛ ነጥብ በኅብረተሰብ ተሳትፎ ላይ ላለ ጉድለት ማካካሻ ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው መስፈርት ስለ ስፋት ያወራል፤ የእናንተ ዕቅድ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ችግኞቹ በ2 ሜትር ርቀት ቢተከሉ በአንድ ሄክታር 2,500 ይገባሉ፤ 100,000 ችግኝ ማለት እንግዲህ 40 ሄክታር ነው። ተፋሰሱ 2,000 ሄክታር ቢሆን የሸፈናችሁት 2 በመቶውን ነው፤ ሁሉም ቢፀድቅ እንኳ። ቁጥሩ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ትልቅ ይመስላል፣ በካርታ ላይ ግን ጥግ የያዘች ነጥብ ናት። ይህ 40 ሄክታር የት ቦታ እንደሆነ ካልታወቀ፣ ጎርፉ ከሚመነጭበት ሸንተረር ላይ ይሁን ወይስ መሬት በቀላሉ ከተገኘበት ሜዳ ላይ ካልተለየ፣ ስለ ጎርፍ ቅነሳ መናገር አይቻልም።

ስለ ስጋት ትንተና በመስኩ የተለመደው አስተሳሰብ ስጋትን ከሦስት ነገሮች ያዋቅረዋል፤ ከአደጋው ራሱ፣ ለአደጋው ከተጋለጠው ሰውና ንብረት፣ እንዲሁም ጉዳቱን ከሚያባብሰው ድክመት። ይህን ከነዋሪው ጋር ለመሥራት የኬር ዓለም አቀፍ ድርጅት የአየር ንብረት ተጋላጭነትና አቅም ትንተና መምሪያ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ለመስክ ሠራተኛ የሚቀርበው ነው፤ የወቅት ቀን መቁጠሪያ፣ የአደጋ ካርታና የታሪክ መስመር አዘገጃጀትን ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። በኮምፒውተር መሥራት ለሚመርጡ ደግሞ የዓለም አቀፉ የዘላቂ ልማት ተቋም ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር ያዘጋጀው «አላይቭ» የተሰኘ የዕቅድ መሣሪያ አለ፤ ከተጋላጭነት ተነስቶ ሥነ ምህዳርን መሠረት ያደረጉ አማራጮችን እስከ መምረጥና አመልካች እስከ ማውጣት ይመራል። ሁለቱንም መጠቀም አያስፈልግም፤ አንዱን መርጦ በደንብ መጨረስ ይበቃል።

የአየር ንብረት መረጃን በተመለከተ ነፃ ምንጭ ሞልቷል፤ የሚያስቸግረው መረጃው ከሚችለው በላይ መጠየቃችን ነው። በሳተላይትና በመሬት ጣቢያዎች መረጃ ቅንጅት የሚዘጋጀው «ቺርፕስ» የተባለው የዝናብ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፤ አንድ የመረጃ ሕዋስ (በካርታው ላይ አንድ ቁጥር የሚይዝ አራት ማዕዘን) ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን አለው። ይህ ማለት አንድ ሕዋስ 2,500 ሄክታር ያህል ያካልላል፤ ትንሽ ተፋሰስ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቁጥር ሊወከል ይችላል። ዝናቡ ቀደም ብሎ መቆም መጀመሩን፣ ደረቅ ዓመታት መደጋገማቸውን ለማየት ጥሩ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ድልድይ የወሰደውን ዶፍ ግን አያሳይም። የወደፊቱን በተመለከተ የዓለም ባንክ የአየር ንብረት ዕውቀት ድረ ገጽ የተለያዩ ሞዴሎችን ትንበያ በየተፋሰሱ ጭምር ጠቅልሎ ያቀርባል። እዚያ ሲገቡ አማካዩን ብቻ ይዘው አይውጡ። የዝናብ ትንበያ በሞዴሎች መካከል ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ግማሾቹ ጭማሪ፣ ግማሾቹ ቅናሽ ሲያሳዩ አማካዩ «ለውጥ የለም» የሚል የተሳሳተ መልእክት ይሰጣል። የመረጡት ሥራ ዝናቡ ቢጨምርም ቢቀንስም የሚጠቅም መሆኑን መፈተሽ የአንዱን ሞዴል ቁጥር ከማመን ይሻላል።

የመሬቱን ታሪክ ለማየት የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ተወዳዳሪ የላቸውም፤ መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ1972 ይጀምራል፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ሴንቲኔል-2 ሳተላይት እስከ 10 ሜትር ድረስ አጥርቶ ያሳያል። ሁለቱንም ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር መክፈት ይቻላል። በእነዚህ ምስሎች ቦረቦሩ መቼ እንደተስፋፋ፣ ረግረጉ መቼ ወደ እርሻ እንደተለወጠ ማየት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም የጎርፉ ምክንያት ከአየር ንብረት ይልቅ ከሃያ ዓመት በፊት የተዘጋ ረግረግ ወይም ውሃውን ወደ አንድ ቦይ የሰበሰበ መንገድ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ ያንን ምክንያት ማስወገድ ነው። የከፍታና የአፈር መረጃ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በነፃ የሚገኘው የ30 ሜትር የከፍታ ሞዴል የተፋሰሱን ወሰን ለመከለል ይበቃል፤ የከፍታ ስህተቱ በሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ግን እርከን ለማስመር አይሆንም። በዚህ መረጃ ብቻ የተሰመረ እርከን ውሃውን በእኩል ከመያዝ ይልቅ ወደ አንድ ጫፍ ሰብስቦ አዲስ ቦረቦር ሲከፍት በዓይኔ አይቻለሁ። በመስክ ላይ በውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦና ሁለት በትር ከሳተላይቱ ይበልጣሉ። «ሶይልግሪድስ» የተባለው የአፈር ካርታም በ250 ሜትር ሕዋስ የተዘጋጀ ነው፤ ለወረዳ ደረጃ ግንዛቤ ይጠቅማል፣ ችግኝ ወይም እርጥበት መያዣ ጉድጓድ ለሚቀመጥበት ቦታ ግን አካፋ ይዞ መቆፈር ያስፈልጋል።

ስጋቱ ሲታወቅ ወደ ቴክኒኮቹ ማውጫ መግባት ተገቢ ይሆናል። እዚህ ላይ ትልቁ ሀብት «ዎካት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተ የዘላቂ መሬት አያያዝ መረብ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ከ2,000 በላይ የተመዘገቡ ተሞክሮዎች በነፃ የሚገኙበት የመረጃ ቋት አለው። ከሌሎች የሚለየው የሥራውን መልካም ጎን ብቻ ሳይሆን ዓመታዊ የዝናብ መጠኑን፣ ቁልቁለቱን፣ የአፈሩን ጥልቀት፣ የመትከያና የጥገና ወጪውን፣ ባለመሬቱ ራሱ የተናገረውን ድክመት ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅጽ መመዝገቡ ነው። ሲፈልጉ በቴክኒኩ ስም አይጀምሩ፤ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰለውን ዝናብ፣ ቁልቁለትና የመሬት አጠቃቀም አስገብተው የሚወጣውን ይመልከቱ። ከወጪው ሠንጠረዥ ደግሞ የዶላሩን መጠን ትተው የሰው ቀኑን ይውሰዱ፤ ዋጋ ይለዋወጣል፣ አንድ ሄክታር ለመከተር የሚፈጀው ጉልበት ግን ብዙም አይለወጥም። አይዩሲኤን እና የጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጂአይዜድ ከአጋሮቻቸው ጋር የሚያንቀሳቅሱት «ፓኖራማ» ደግሞ በታሪክ መልክ የቀረቡ ተሞክሮዎችን ይዟል። ማንበቡ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የከሸፈ ሥራ ታሪኩን ለመድረክ እንደማያቀርብ አይርሱ።

ጎርፍን ለብቻው ለሚያጠና የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የጎርፍ አረንጓዴ መመሪያ ለአነስተኛ ድርጅት የሚመጥን ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል ከብዙ አገሮች ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከዚህ ይልቃል፤ ነገር ግን ወደ 1,000 ገጽ የሚጠጋ ነውና የሚመለከታችሁን ምዕራፍ ብቻ ለቅማችሁ አንብቡ። ከተማ ውስጥ የሚሠራ አንባቢ ካለ የዓለም ባንክ የ2021 የከተሞች ማውጫ ይሻለዋል። በባሕር ዳርቻ ለሚሠሩም አንድ ነገር ልበል፤ 100 ሜትር ስፋት ያለው የማንግሮቭ (በጨዋማ የባሕር ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ደን የሞገድን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተለክቷል፤ በአውሎ ነፋስ የሚመጣ የባሕር ሙላትን ከፍታ ግን በአንድ ኪሎ ሜትር ደን ከ5 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚቀንሰው። አንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ያምታታ ዕቅድ ሰዎች መሸሽ በሚገባቸው ሰዓት ተረጋግተው እንዲቀመጡ ያደርጋል። በፊሊፒንስ ለብዙ ዓመታት የተተከለው ማንግሮቭ የረጅም ጊዜ ፅድቀቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ የሆነው በዋናነት ዝርያው ከቦታው ጋር ስላልተስማማ ነበር፤ ለመትከል የሚመቸው ጭቃማ ሜዳ ለመብቀል የሚመች አልነበረም።

ይህ ወደ ችግኙ ይመልሰናል። የሥነ ምህዳር መልሶ ማገገሚያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ሁለተኛ እትም መርሖዎችና ደረጃዎች ውስጥ የምወደው ሐሳብ፣ መሬቱ በራሱ ማገገም የሚችልበት ዕድል እስካለ ድረስ ጉዳት ያደረሰውን ነገር ማንሳት ይቅደም የሚለው ነው። በደቡባዊ ኒጀር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በእርሻቸው ውስጥ ከቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች የሚያቆጠቁጡትን ቡቃያዎች እየመረጡና እየገረዙ በማሳደግ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚገመት መሬት ላይ ዛፍ መልሰዋል፤ ያለ ችግኝ ጣቢያና ያለ ተከላ ዘመቻ። በእናንተ ተፋሰስ ውስጥ ሕያው ጉቶ፣ በአፈር ውስጥ የተቀመጠ ዘርና በቅርብ ያለ የደን ቅሪት መኖሩን በአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ ማረጋገጥ ይቻላል። ካለ መሬቱን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ መከለል በሄክታር የሚጠይቀው ወጪ ከተከላ በእጅጉ ያንሳል።

መከለል ግን ነፃ አይደለም፤ ወጪው ከፕሮጀክቱ ሰነድ ይወጣና በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ከተከለለው መሬት የተባረሩ ከብቶች አንድ ቦታ መሄዳቸው አይቀርም፤ ማገዶ ለቃሚዋም ሌላ ሸንተረር ትፈልጋለች፤ ፕሮጀክቱ አንዱን ዳገት ሲያለመልም የጎረቤቱን ያራቁታል። ከሰበሰባችኋቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ ይህን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2018 የተቀበሏቸው በፈቃደኝነት የሚተገበሩ መመሪያዎች ሥነ ምህዳርን መሠረት ላደረገ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድና የአደጋ ስጋት ቅነሳ የጥንቃቄ ነጥቦችን ዘርዝረዋልና በዚህ ረገድ ሊታዩ ይገባል። ነገር ግን መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በግጦሽና በውሃ ላይ ማን ልማዳዊ መብት እንዳለው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያድገውን ሣርና እንጨት ማን እንደሚያጭድ የሚናገር ሰነድ በየትኛውም የመረጃ ቋት ውስጥ አታገኙም። ይህ በጽሑፍ ስምምነት መታሰር አለበት፤ ስምምነቱም በስብሰባ ላይ ከሚናገሩት ብቻ ሳይሆን በክለላው ከሚጎዱት ጋር የተደረገ መሆን ይኖርበታል።

የአቅም ወሰኑን ሳይናገሩ ፕሮጀክት ማቅረብ በኋላ የማይመለስ እምነት ያሳጣል። በአንድ ሄክታር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥበት መያዣ ጉድጓድ 0.75 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በሄክታር 200 ቢቆፈሩ 150 ሜትር ኩብ፣ ማለትም የ15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ ነው። አፈሩ የሚመጥጠው ይጨመርበት፤ ያም ሆኖ መሬቱ ረክቶ ባለበት ቀን 80 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ትርፉ ወደ ታች መውረዱ የማይቀር ነው። በጥቅሉ ዕፅዋትና የአፈር ጥበቃ ሥራ በትንንሽና በመካከለኛ ጎርፎች ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጣሉ፣ በብዙ ዓመት አንዴ በሚመጣው ታላቅ ጎርፍ ላይ ግን ድርሻቸው ይመነምናል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዝናብን የሚመጥጡ ከተሞችን ለመገንባት ብዙ ብትሠራም፣ በሐምሌ 2021 ዠንግዡ ከተማ ላይ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ያን የሚችል መናፈሻም ሆነ ረግረግ አልነበረም። ስለዚህ በቆላው ክፍል ሰዎች በጎርፍ ሜዳ ላይ የሚኖሩ ከሆነ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትና የመሸሻ መንገድ፣ ምናልባትም የድንጋይና የሲሚንቶ ሥራ፣ ከአረንጓዴው ጎን መታቀድ ይኖርበታል። ሁለቱን ስለማቀናጀት የኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናል የ2020 ተግባራዊ መመሪያ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህም ሌላ የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2022 ሪፖርቱ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የእነዚህ መፍትሔዎች ውጤታማነት እንደሚቀንስ አስፍሯል፤ ዛሬ የምትመርጡት ዝርያ ከ20 ዓመት በኋላ በሚኖረው ሙቀት የሚኖር መሆን አለበት።

የተተከለ ችግኝ ቁጥር ውጤት አይደለም፤ ግብዓት ነው። ጂአይዜድ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው የክትትልና ግምገማ መምሪያ ይህንን ልዩነት በአራት ደረጃዎች ያስረዳል፤ ለእናንተ ወሳኙ የመነሻ መረጃን የሚመለከተው ክፍል ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅትና አንድ ደረቅ ወቅት መለካት አለበት፤ ካልሆነ በኋላ የታየው ለውጥ ከሥራችሁ የመጣ ይሁን ከመልካም ዝናብ መለየት አይቻልም። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሦስት የዝናብ መለኪያ፣ በወንዙ ላይ የተተከለ ቁጥር ያለው የብረት ዘንግ፣ በየወሩ ጥልቀታቸው የሚለካ ጥቂት የውሃ ጉድጓዶች፣ የቦረቦሩ ራስ ወዴት እንደደረሰ የሚያሳይ ችካልና ሁልጊዜ ከአንድ ነጥብ የሚነሳ ፎቶ ይበቃሉ። ምንም ሥራ የማይሠራበት ተመሳሳይ ንዑስ ተፋሰስ ጎን ለጎን ቢለካ ደግሞ ማስረጃችሁ ከአብዛኞቹ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የተሻለ ይሆናል።

ገንዘብን በሚመለከት፣ ትልልቆቹ ቋቶች ለእናንተ በር የሚከፍቱ አይደሉም። አረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድም ሆነ የመላመድ ፈንድ ገንዘብ የሚሰጡት ዕውቅና ባገኙ ተቋማት በኩል ነው፤ አነስተኛ ድርጅት ሊገባ የሚችለው በአንዱ ተቋም ሥር እንደ ፈጻሚ አጋር ሆኖ ነው፣ ዝግጅቱም ዓመታት ይወስዳል። የሚመጥናችሁ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ሲተገበር የቆየው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው፤ በቀጥታ ለሲቪል ማኅበራትና ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ይሰጣል፣ የአንድ ድጋፍ የተለመደ ጣሪያም ለረጅም ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር። መጠኑ ትንሽ መሆኑ አያስከፋችሁ፤ ለአንድ ዓመት ልኬትና ለአንድ ንዑስ ተፋሰስ ሙከራ ይበቃል፣ የሙከራው መረጃም ለሚቀጥለው ትልቅ ማመልከቻ ከማንኛውም የሚያምር ሰነድ የበለጠ ይመሰክራል። በካርቦን ሽያጭ ገቢ (ዛፉ ከአየር ለያዘው ካርቦን በሚከፈል ገንዘብ) ላይ ዕቅድ እንዳትመሠርቱ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። የማረጋገጫው ወጪ ለትንሽ መሬት አያዋጣም፤ ከዚያም በላይ ካርቦን በብዛት የሚይዘው ፈጣን ዝርያ ውሃ ለሚቸግረው ተፋሰስ የሚበጀው ዝርያ ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የ100,000 ችግኝ ዕቅዱን ሰርዙት፤ ማስተላለፍ ሳይሆን መሰረዝ። ከሰበሰባችሁት ሰነድ ሁሉ ሦስት ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይቅሩ፤ የአይዩሲኤን ስታንዳርድ ከነመገምገሚያው፣ የኬር የተጋላጭነት መምሪያ እና የጂአይዜድ የክትትል መምሪያ። ዎካትን እንደ መዝገበ ቃላት ስትፈልጉት ትገልጡታላችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ለልኬት፣ ለእግር ጉዞና ለመሬት አጠቃቀም ስምምነት ይዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ከ100 ሄክታር በማይበልጥ አንድ ንዑስ ተፋሰስ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ክለላውን ከቦረቦር ክትርና ከእርጥበት መያዣ ሥራ ጋር አቀናጅታችሁ ሞክሩ። ችግኝ የሚተከለው ክለላው ሁለት የዝናብ ወቅት አልፎት መሬቱ በራሱ ያላበቀለው ክፍተት ሲታይ ብቻ ይሁን፤ ያኔም ብዙ ሺህ ላይሆን ይችላል። ገንዘብ የሚሰጠው አካል በመጀመሪያው ዓመት የሚቆጠር ነገር እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ የተለኩ የውሃ ጉድጓዶችን፣ የተፈረሙ ስምምነቶችንና የተመዘገቡ የዝናብ ቀናትን ቁጥር ስጡት። ከጠቅላላው በጀት አንድ አምስተኛው ደግሞ ከአሁኑ ለጥገና ተለይቶ ይቀመጥ፤ ክትር የሚፈርሰው በተሠራ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የፕሮጀክቱ ሒሳብ ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ይገኛል።